ሁለት አውሮፕላን በአንድ አውድማ

አውሮፕላን በላዩ ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያይ ሰው ካጋጠማችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ። ሌላው ሰው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ «ወዴት ይሆን የሚሄደው?» ሲል እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታና ሳስር ትደርሱብኛላችሁ። የዚያን ቀን ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጌ ከሆነ ደግሞ ዝም ብዬ መሬት መሬት አያለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች «ተዉት፣ እሱ ከሰማይ ጋር ተጣልቷል» ይላሉ። አልተጣላሁም። ሰማይስ እኔን ከሰው ቆጥሮ መቼ ይጣላኛል? ያለብኝ ሐፍረት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከዘመሮ ወዲያ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባባት አንዲት የመንዝ ከተማ ውስጥ የሞባይልና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ አለኝ። ሱቅ ልበላት እንጂ ግማሹ ዕቃ ወደ ውጭ ካልወጣ እኔ ወደ ውስጥ የማልገባባት ነገር ናት። በዚያች ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሰው ስልክ እየፈታሁ፣ አንዳንዴም መልሼ እየገጠምኩ፣ በሰላም እኖር ነበር።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ሰፊ ሜዳ አለ። የቀበሌው ሰው ድንጋዩን ለቅሞ፣ ጉድባውን ደልድሎ፣ ግራና ቀኙን ኖራ በተቀባ ድንጋይ አሳምሮ የአውሮፕላን ማረፊያ አድርጎታል። አልፎ አልፎ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይመጡበታል። መቆጣጠሪያ ማማ የሚባለው ነገር የለውም። ማማ ቀርቶ አጥርም የለው። ከላይ ሆኖ «አንተ ውረድ፣ አንተ ጠብቅ» የሚል ሰው የለም። ያለው በእጅ የሚያዝ አንድ የመገናኛ ሬዲዮ ነው፤ እሱን የሚይዘው ደግሞ እኔ እንድሆን ተወሰነ። ለምን ቢሉ፣ «እሱ ሬዲዮ ያውቃል» ተባለ። ሬዲዮ መጠገንና በሬዲዮ ከአብራሪ ጋር መነጋገር አንድ መሰላቸው። በዚህ አያያዝ ድስት የሚበይድ ሁሉ ወጥ ያውቃል ማለት ነው። አይሆንም ብዬ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን «ለሕዝብ እኮ ነው» አሉ። በእኛ አገር «ለሕዝብ ነው» ከተባለ በኋላ እምቢ ያለ ሰው ሲሞት ቀባሪ አያገኝም።

ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ መጣና አንድ ጠዋት አስተማረኝ። የረጋ ሰው ነው፤ ሲናገር ራሱ ሬዲዮ ይመስላል።

«ስማኝ» አለኝ፤ «አንተ አዛዥ አይደለህም። ውረድ አትልም፣ አትውረድም አትልም። ማማ በሌለበት ሜዳ ማንም ማንንም አያዝም። እያንዳንዱ አብራሪ የት እንዳለና ምን ሊያደርግ እንደሆነ በሬዲዮ ይናገራል፤ ሌላው ሰምቶ ራሱን ይጠብቃል። የአንተ ሥራ ሜዳው ላይ ያለውን አይቶ መናገር ብቻ ነው።»

ወዲያው ገባኝ። ወደ ቆላ የሚወርደው የገደል መንገዳችን እኮ እንዲሁ ነው። የተጫነ አህያ ይዞ ሁለት ሰው አይተላለፍበትም፤ ስለዚህ ከላይ የሚወርደው አፋፉ ላይ ቆሞ «እየመጣሁ ነው፣ ከታች ያለህ ቁም» ብሎ ይጣራል። ከታች ያለው ይመልስለትና ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ይጠብቀዋል። ሳይጣራ የገባ የአህያውን ሬሳ ከገደል ሥር ይፈልጋል። ይህንን ለአሠልጣኙ ስነግረው በጣም ደስ አለው።

«እንግዲያው ሁለት ነገር አትርሳ» አለኝ። «ተራራ ድምፅ ይጋርዳል። ከተራራው ወዲህና ወዲያ ያሉ አብራሪዎች አንዱ የሌላውን ላይሰማ ይችላል፤ አንተ ግን ከፍታው ላይ ስለሆንክ ሁለቱንም ትሰማለህ። ሌላው፣ ሬዲዮው ዝም ካለ አብራሪው ሜዳው ላይ ማንም የለም ብሎ ያስባል። ስለዚህ ዝም አትበል።»

ዝም አለማለት ይከብደኛል ብዬ አልጠረጠርኩም። በዚህ በኩል ሚስቴ ዋስ ትሆነኛለች።

የመጀመሪያ ሥራዬም ያን ያህል አያስከፋም ነበር። አንድ አውሮፕላን መጣና «ሜዳው እንዴት ነው?» ሲለኝ «በጎች አሉ፣ ግን የሊቀመንበሩ ናቸው» አልኩት። አብራሪው የማን እንደሆኑ ለምን እንደነገርኩት አልገባውም፤ ለእኛ ግን የሊቀመንበሩ በግ ቶሎ እንደማይነሳ ግልጽ ነው። ዞሮ ዞሮ አረፈ። ከተማው ሁሉ «አንተ ባትኖር» አለኝ። እኔም ትንሽ ደረቴን ነፋሁ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼኔ ነው።

አሁን ወደ አማቴ ልውሰዳችሁ። እማማ የሺን ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ቆይቷል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ እንጂ ሰው በመልክ አያውቁም። ልጄ የተወለደችው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የልጅ ልጃቸውን አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። ጎረቤቱ ሁሉ ማንን እንደምትመስል ሊነግራቸው ይሞክራል። አንዱ «ቁርጥ እናቷን» ይላል፤ ሌላው «ኧረ አባቷን ናት» ይላል። እማማም «አባቷንስ ከሆነ ማየቱ ይቆየኝ» ይላሉ፣ እኔ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ። እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ? ግን አንድ ቀን ልጅቷ ጭናቸው ላይ ተኝታ፣ ማንም የሌለ መስሏቸው፣ «አንዴ ብቻ ባየሁሽና ከዚያ ወዲያ ጥፍት ይበል» ሲሉ ሰማኋቸው። ያን ቀን አልሳቅኩም። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

እንግዲህ ለታኅሣሥ የዓይን ሐኪሞች በአውሮፕላን ይመጣሉ ተባለ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሞራውን ይገፍፋሉ፣ በማግስቱ ፋሻው ይፈታል፣ ሰው ያያል። እማማ የሺ ተመዘገቡ። የክት ቀሚሳቸው ከሣጥን ወጣ። ቤት ከሚመጣው ሰው ሁሉ ጋር ስለ ሌላ ነገር እያወሩ መሐል ላይ «አውሮፕላኑ መቼ ነው ያልከኝ?» ይሉኝ ጀመር። ነግሬያቸው ሳልጨርስ ደግመው ይጠይቁኛል።

ጣጣው ገብሱ ነው። የእኛ ሰው አንድ ምስጢር ደርሶበታል፤ የአውሮፕላን ማረፊያውን የሚያህል አውድማ በመንዝ ምድር የለም። መሬቱ ተደልድሎ ጠንክሯል፣ ጠጠር የለው፣ በእበት ለቅልቁኝ አይል። ደግሞ አሠልጣኙ እንደነገረኝ ማኮብኮቢያ የሚሠራው የንፋሱን አቅጣጫ ተከትሎ ነው፤ ገበሬውም እህሉን የሚያዘራው በዚያው ንፋስ ነው። መሐንዲሶቹ ለእኛ አውድማ ለክተውልን የሄዱ ነው የሚመስለው። ቀበሌው ሰብስቦን «ከእንግዲህ ሜዳው ላይ መውቃት ክልክል ነው» ሲል ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ደገፍን። ሊቀመንበሩም ስብሰባውን ዘጉና የቀራቸውን ነዶ ሊያስወቁ ወደ ሜዳው ሄዱ።

ሐኪሞቹ በሚመጡበት ዕለት ሬዲዮዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በጠዋት ሜዳው ደረስኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? መሐል ሜዳው ላይ የገብስ ቁልል። ተወቅቶ፣ ተዘርቶ፣ ለመሰፈር የተዘጋጀ። አጠገቡ የሚስቴ ወንድም ጌታነህ መንሹን ተመርኩዞ ቆሟል። ከጎኑ ደግሞ እማማ የሺ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ለሕክምናው ተሰናድተው ተቀምጠዋል።

«ጌታነህ፣ ዛሬ አውሮፕላን እንደሚመጣ ሳታውቅ ቀርተህ ነው?» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን ጉሙን አየኸው? ከቆላ እየወጣ ነው። ይኼ ገብስ አንዴ ከረጠበ ዓመቱን ሙሉ ምን ልንበላ ነው?»

«የሚመጡት ለእናትህ ዓይን ነው እኮ።»

«ገብሱም የእናቴ ነው» አለኝ።

እማማ የሺ ገቡብን። «አትጨቃጨቁ። ምርቴን ሳላነሳ ሐኪም ፊት አልተኛም። ዓይኔ የሚበራው ባዶ ጎታ ላይበት ነው? ቶሎ ስፈሩትና እንሂድ።»

የአውድማን ደንብ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ምርት ሲሰፈር አይወራም። ስም አይጠራም፣ አይቆጠርም፣ ስንት ሆነ አይባልም። ያወሩበት እንደሆነ በረከቱ ይሸሻል። መስፈር ከተጀመረ ደግሞ አውድማው ላይ የቆመ ሰው ሳያልቅ ጥሎ አይወጣም። እኔ ይህንን ሁሉ እያወቅኩ፣ አንድ ሰው ቢጨመር ቶሎ ያልቃል ብዬ የስልቻውን አፍ ከፍቼ ያዝኩ። ጌታነህ በቁና እየዛቀ ይገለብጣል፣ እኔ እይዛለሁ፣ እማማ የሺ የእህሉን ድምፅ ያዳምጣሉ። ሁላችንም ጭጭ።

«ሜዳ፣ ሜዳ፣ ይሰማል?» አለ አንገቴ ላይ ያለው ሬዲዮ። «ሐኪሞቹን ይዘን ከደቡብ በኩል እየመጣን ነው። ሜዳው እንዴት ነው?»

ሁለቱም እጆቼ ስልቻው ላይ ናቸው። እማማ የሺ ጣታቸውን አነሱ። ጌታነህ ቁናውን እንደያዘ ቀጥ አለ። እኔ በዓይኔ ሬዲዮውን አሳየሁት፤ እሱ በዓይኑ እናቱን አሳየኝ። ዓይን ያለን ሁለት ወንዶች ዓይን በሌላቸው በእማማ ጣት ተገዝተን ቆምን።

በልቤ እንዲህ አልኩ፤ አሁን ዝም ብል ምን ይመጣል? አብራሪው ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ገብሱን ሲያይ ይጠብቃል፣ እስከዚያ እኛም እንጨርሳለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? የዝንቡን እንጃ፤ አውሮፕላን ግን ሊገባ እንደሚችል ያን ጊዜ አላሰብኩም።

«ከሜዳው መልስ የለም። ማንም ያለ አይመስልም» አለ አብራሪው። «ዝቅ ብለን እያየን እንገባለን።»

ጌታነህ አንድ ቁና ገለበጠ። ሬዲዮው እንደገና ተናገረ፤ አሁን በሌላ ሰው ድምፅ። «በአካባቢው ላላችሁ ሁሉ፤ የመሬት ቀያሾችን ይዘን በሸለቆው በኩል ከሰሜን እየወጣን ነው። ልናርፍ ነው።»

ስለ ቀያሾች የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሜዳችን አውሮፕላን ሳያይ ይከርም ይከርምና ሲመጣለት በጥንድ መጣለት። ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅኩ፤ የሐኪሞቹ አብራሪ «ሰምቼሃለሁ፣ እኔም እየመጣሁ ነው» ይለዋል ብዬ። ምንም አላለም። ተራራው በመካከላቸው ነው። ንፋሱም ጠዋት ገብሱን ካዘራልን በኋላ ቆሟል፤ ንፋስ ሲቆም ደግሞ አብራሪ በቀናው በኩል ይገባል። አንዱ ከደቡብ፣ አንዱ ከሰሜን፣ ፊት ለፊት፣ አንድ ሜዳ ላይ፤ በመሐል አማቴ። ሁለቱንም የምሰማ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ስልቻ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ለቀቅኩት። ስልቻው ተደፋ። ገብሱ ሲፈስ ያሰማውን ድምፅ እማማ የሺ ሰሙት፤ እኔም ሰማሁት፤ ዛሬም ድረስ ይሰማኛል። ከአውድማው ዘልዬ ወጣሁና ሬዲዮውን ጨብጬ «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ።

አትሳቁብኝ። አፌ ሌላ መጀመሪያ አያውቅም። «እንደምን አደራችሁ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብዬ ቀጠልኩ። በእኛ አገር ቤቱ ለሚቃጠልበት ሰው እንኳ እሳቱ የሚነገረው ከሰላምታ በኋላ ነው። የሐኪሞቹ አብራሪም ጨዋ ያሳደገው ሰው ነው መሰል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» አለኝ።

«እኛማ ደህና ነን። ብቻ ሁለት አውሮፕላን ሆናችሁ ፊት ለፊት እየመጣችሁ ነው።»

«ምን አልክ?» አለኝ፤ ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ።

ነገርኩት። ለቀያሾቹም አብራሪ ነገርኩ። ወዲያው የሐኪሞቹ አውሮፕላን ከጉሙ ሥር ብቅ አለና በላያችን ጮኾ አልፎ ሽቅብ ተነሳ። ተከትሎት የመጣው ንፋስ ከምርቱ የተለየውን ገለባ ሁሉ አፍሶ ከምርቱ ጋር መልሶ አስታረቀው። ጌታነህ አፉ የገባውን ገለባ እየተፋ ቀረ። ከሰሜን በኩል ሌላኛው ብቅ አለና እሱም ታጥፎ ወደ ተራራው ጀርባ ተመለሰ። አልተጋጩም። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ ከተማው ሐውልት ያቆምልኝ ነበር።

«ሜዳው ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ የሐኪሞቹ አብራሪ ትንፋሹ ሲመለስ።

«ገብስ።»

«ምን ያህል?»

ይህ ጥያቄ አውድማ ላይ አይጠየቅም። ዞር ብዬ እማማ የሺን አየኋቸው። የፈሰሰውን በእጃቸው እየዳበሱ ይሰበስባሉ። በረከቱን በወሬዬ አባርሬባቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ መጠኑን ለሰማይ ላውጅባቸው?

«እግዜር የሰጠውን ያህል» አልኩ።

«በሜትር ንገረኝ። ከእሱ ወዲህ ማረፍ እችላለሁ?»

«ገብስ በሜትር አይሰፈርም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ግን አልጠቀመውም።

«እያነሳን ነው በላቸው» አሉ እማማ የሺ ከመሬት ሆነው። እያነሱ ነው አልኩ። ጌታነህ በእርግጥም በሁለት እጁ እየዛቀ ወደ ዳር ይበትን ጀመር። አብራሪውም «ጥሩ፣ መሐል መሐሉን ካጸዳችሁልን ይበቃናል። ያኛው አውሮፕላንስ ምን ሊያደርግ ነው?» አለኝ። አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ እኔ በመካከላቸው አማላጅ ሆንኩ።

የቀያሾቹ አብራሪ «ሐኪሞቹ ይቅደሙ፣ እኛ እንጠብቃለን» አለ። አደረስኩ። የሐኪሞቹ «ኧረ አይሆንም፣ እነሱ ለመውረድ ተቃርበው ነበር፤ እነሱ ይግቡ» አለ። አደረስኩ። «እንዴት ተደርጎ፤ ሐኪም ይዘው?» አደረስኩ። «በፍጹም፣ እኛ ነዳጅ አለን።» እሱንም አደረስኩ። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ፣ ይሙት አይሆንም፤ ውስጥ የቀረበው ምግብ ይቀዘቅዛል፣ ባለቤቱ በሩን ይዞ ይቆማል።

እኔ ነበርኩ ባለቤቱ። «ሐኪሞቹ ይግቡ» ብል ያልቅ ነበር። ሁለት ቃል ናት። ግን አሠልጣኙ ማዘዝ አይፈቀድልህም ብሎኛል፤ ያሳደጉኝ ሰዎች ደግሞ ሁለት እንግዳ አንድ ላይ ሲመጣ አንዱን «አንተ ግባ» ማለት ሌላውን «አንተ እደጅ ቁም» ማለት ነው ብለውኛል። በሁለት አስተማሪ መሐል ተቀርቅሬ ጨዋነት ሳመላልስ ጉሙ ደረሰ።

«ሜዳው ጠፍቶብናል» አለ የሐኪሞቹ አብራሪ። «ወደሚቀጥለው ከተማ እንሄዳለን። ጊዜ ካገኘን እንመለሳለን። በሉ ደህና ሁኑ።»

«እንግዲያው እኛም ወደመጣንበት እንመለስ» አለ የቀያሾቹ።

ማንንም ሳላስቀይም ሁለቱንም መለስኳቸው። ድምፃቸው ግራና ቀኝ እየራቀ እየራቀ ጠፋ።

ጌታነህ ገብሱን ሳይሰፍር፣ ከነገለባው በአካፋ እየዛቀ ጆንያ ውስጥ ጨመረና አህያ ላይ ጭኖ ሄደ። በረከቱ ከሸሸ ለማን ብሎ ዝም ይላል፤ ሲዝቅ አህያዋን፣ ሰማዩን፣ ጎዳናውን ሁሉ ይሳደብ ነበር፤ እኔን ብቻ ተወኝ። ሲሳደብ ደግሞ እጁ እንዴት ይፈጥናል። ሜዳው በእጅ እንደተጠራረገ ገበታ ሆነ። ያ የተረገመ ጉምም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ገለል አለ። ወደ ጤና ጣቢያው ደወልኩ። ሐኪሞቹ የሄዱበት ከተማ የራሱ በሽተኞች ሞልተውታል፣ በገደሉ ዞራችሁ በመኪና ብትሄዱም ተራ አታገኙም፣ ምናልባት ከተመለሱ እዚያው ጠብቁ አሉኝ።

እኔና እማማ የሺ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እርግማኑን ለመቀበል አንገቴን ሰበር አድርጌ ጠበቅኩ።

«ሁለቱም ውስጥ ሰው ነበረበት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ነበረበት።»

«እንግዲያው ስልቻውን እንኳን ለቀቅከው።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጠሉና «የተመለሰው የትኛው ነው? ሐኪሞቹ መቼ ያርፋሉ?» አሉኝ። ለካ አንደኛው ብቻ የሄደ መስሏቸው ኖሯል። ያ ሁሉ ጩኸት በላያቸው ሲያልፍ፣ ከሁለት አንዱስ ለእኔ ይቀራል ብለው ነው የተቀመጡት።

«ሁለቱም ሄደዋል እማማ» አልኳቸው።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ሐኪሞቹ ግን ጊዜ ካገኘን እንመለሳለን ብለዋል።»

ቀሚሳቸው ላይ የቀረውን ገለባ በጣታቸው እየፈለጉ ለቀሙ። እኔ የማለቅስ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ፤ ደግሞ ማን ሊያየኝ።

«ጊዜ ካገኘን እንመለሳለን ብለዋል አላልክም?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ ገብሱ መነሳቱን በምን ያውቃሉ? ንገራቸው እንጂ።»

አውሮፕላኑ ከተራራው ወዲያ ከገባ ቆይቷል። ሬዲዮዬ ያንን ተራራ እንደማይሻገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን የክት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ጆሯቸውን አቁመው እየጠበቁኝ፣ ምን ብዬ እምቢ ልበላቸው? ቁልፉን ተጫንኩ።

«ሜዳው ነፃ ነው» አልኩ። «ገብስ የለም፣ ከብት የለም፣ ሰው የለም። ሐኪሞቹ ይግቡ።»

የሚመልስ አልነበረም።

«ድገምላቸው» አሉኝ እማማ የሺ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው፤ «አልሰሙህ ይሆናል።»

ደገምኩላቸው።